እትዬ የጾሙልኝ ሥራ

ፊልሙን ሜልቦርን ውስጥ ካለው የፉትስክሬይ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት አሥራ አንድ ጊዜ ተውሻለሁ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ጋ የምትቀመጠው ሴትዮ ካርዴን እንኳ ሳታይ ነበር የምታቀብለኝ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፊልም ገና አፍ በፈታበት ሰሞን የተሠራ። ድምፁ እንደ ድሮ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻል፤ ተዋንያኑም ማይክሮፎኑ ከተደበቀበት የአበባ ማስቀመጫ ላለመራቅ አንድ ቦታ ተሰብስበው ቆመው ያወራሉ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ውስጥ ተሰልፈው እግር ከሚያነሱት ሴቶች አንዷ ስሟ ከበሩ በላይ በመብራት ተጽፎ ማየት ትፈልጋለች። ለዚህ ስትል የማትዋሸው የለም። አውሮፓ ጨፍሬአለሁ ትላለች፣ የተከራየችውን ካፖርት የራሴ ነው ትላለች። ውሸቷ ሲነቃባት ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አለቅየው ራሱ ሆዱን ይዞ ይስቅና ዋናውን ቦታ ይሰጣታል። ከዚያ ሁሉም ደረጃው ላይ ወጥተው ይዘፍኑና ያልቃል።

ይህችን ሴት አልወዳትም። ዓይኗን በጨው ታጥባ ትዋሻለች፣ ደግሞ ይሳካላታል። እኔ የማየው ከኋላዋ ያሉትን ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኔ ያረፈው ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ አራተኛዋ ላይ ነው። ስም የላትም። ፊልሙ መሐል ላይ እቅፍ አበባ ይዛ ትገባና «ሌላም አበባ መጣ» ብላ ትወጣለች፣ ሌላ ንግግር የላትም። ሌሎቹ ለካሜራው ሲስቁ እሷ አጠገቧ ላለችው ልጅ ነው የምትስቀው። ሪሞቱን ይዤ ወደኋላ እየመለስኩ እሷን ደጋግሜ አይ ነበር።

እንዲህ የተመላለስኩት የድሮ ፊልም ስለምወድ አልነበረም። ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በጠፋች ድመትና በፒያኖ አስተማሪ ማስታወቂያ መሐል አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። አንድ ትንሽ የቲያትር ቡድን ይህንኑ ፊልም መድረክ ላይ ሊያወጣው ነው፤ ለኋላው ረድፍ ሴቶች ይፈልጋል፤ የየትም አገር ጭፈራ የሠራች ትምጣ ይላል። ክፍያ አለው፣ ኮንትራቱ ለጥቂት ወራት ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ባቡር ጣቢያው ስደርስ አጠፋሁት። በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ እንደገና አነሳሁት።

አዲስ አበባ እያለሁ ጨፋሪ ነበርኩ። ለቱሪስት ምግብና ጭፈራ አንድ ላይ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የጎጃሙን ጨርሰን የጉራጌውን ልብስ ለመልበስ የሚሰጠን ጊዜ ዘፋኙ አንድ ዘፈን እስኪዘፍን ነበር፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ላብ መጥረግም፣ ውሃ መጠጣትም፣ እርስ በርስ መጣላትም ነበረብን። ጎበዝ ነበርኩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ልሽኮረመም አልችልም፣ ጎበዝ ነበርኩ። ግን ሰው የሚያየን እያላመጠ ነው። ትከሻዬ ሊወልቅ እስኪደርስ ጨፍሬ ቀና ስል አንዱ ሚጥሚጣ አቀብሉኝ እያለ ሲጣራ እሰማለሁ። ምኞቴ አንድ ነበር፣ ጠረጴዛ የሌለበት መድረክ። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዝም ብሎ የሚያየኝ ቦታ። አንድ ቲያትር ቤት ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ተጠባባቂ ተብዬ ቀርቻለሁ።

ከዚያ ጌታን አገኘሁ። ይህን የምጽፈው ለማሾፍ አይደለም፤ አግኝቼዋለሁ፣ ዛሬም አልተውኩትም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጌታን የተቀበለ ሰው ዘፈን ይተዋል፣ ዘፈን እንጀራው ከሆነ ደግሞ እንጀራውን ይተዋል። ተውኩ። ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ከሜልቦርን ለእረፍት የመጣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ለትዳር ጠየቀኝና አገባሁት። ደግ ሰው ነው። ዳንደኖንግ የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ይነዳል፤ ከአፉ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው እሁድ ወጥቼ እንድመሰክር ተጠየቅሁ። ጌታ ከምን እንዳወጣኝ ተናገርኩ። ሰው አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጌታ ከዘፈን ቤት ያወጣት እህት» ሆነ። በየዓመቱ የወጣቶች ፕሮግራም ሲኖር እየተጠራሁ ያንኑ እናገራለሁ። በአምልኮ ሰዓት ሰው ሁሉ ይዘላል፣ ያጨበጭባል፣ ሽማግሌው ሳይቀር ይሽከረከራል። እኔ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። የሌላ ሰው ትከሻ ቢነቃነቅ በመንፈስ ነው ይባላል፤ የእኔ ቢነቃነቅ ግን ሰዉ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እግዚአብሔርን በጣም በምወድበት ሰዓት እንደ ዘበኛ ቀጥ ብዬ መቆሜ ያበሽቀኝ ነበር።

በዚያ ጊዜ የምሠራው የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከአንዲት ቬትናማዊት ጋር እርጥቡን አንሶላ በግራና በቀኝ ይዘን፣ ወጥረን፣ ለመተኮሻው ማሽን እንሰጠዋለን። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ነው። ማሽኑ የራሱ ምት አለው፣ እግሬም ሳላዘው ይከተለዋል። ቬትናማዊቷ አይታኝ ትስቅና እሷም ትጀምራለች። አለቃችን ባጠገባችን ሲያልፍ ሁለታችንም ቀጥ እንላለን።

ባለቤቴ ጠዋት ሺፍት ሲገባ፣ እኔም ሥራ የሌለኝ ቀን ሲሆን፣ ፊልሙን ከፍቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እለማመድ ነበር። የእነሱ ጫማ ሥሩ ብረት አለው፣ ሲረግጡ ይጮኻል። እኔ የባለቤቴን የሥራ ጫማ አድርጌ ሞከርኩ፤ እንደ ፈረስ አንኳኳሁ እንጂ አልሆነልኝም። ቢሆንም እርምጃውን ያዝኩት። የመጨረሻውን የደረጃውን ጭፈራ ሳይቀር ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ምት አጠናሁት።

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች ባንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ሴቶች ሆነን እንጸልያለን። ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ስላሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጸሎታቸው የታወቀ ነው። ቪዛ የተከለከለ፣ መንጃ ፈቃድ የወደቀ፣ ልጅ ያጣ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። እንደ ልማዳችን ጸሎት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዷ የጸሎት ርዕሷን ትናገራለች፣ ማለትም ምን እንዲለመንላት እንደምትፈልግ። ተራው ሲደርስ ዝም ማለት አይቻልም። ዝም ያለች ሴት አንድም ኮርታለች፣ አንድም የምትደብቀው አለ ይባላል።

የተመዘገብኩበት የቲያትር ቡድኑ ፈተና ሰኞ ሊሆን፣ ረቡዕ ዕለት ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ሌላ ሰው ቢሆን አፉን ዘግቶ ሄዶ ይፈተናል። እኔ ግን ሳይጸለይልኝ የሄድኩበት ፈተና በሕይወቴ የለም፤ የመንጃ ፈቃድም፣ የቪዛም፣ የእንግሊዝኛም ተጸልዮልኝ ነው የሄድኩት። ጸሎቱን ፈለግሁት። ስለዚህ የሥራ ኢንተርቪው አለኝ አልኩ። አንዷ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ከተማ ውስጥ አንድ ድርጅት ነው አልኳት። ኦፊስ ነው ወይ አለች። እንደሱ ነገር ነው አልኩ። ከዚያች አንዲት መልስ በቀር ሁሉም እውነት ነበር፤ በውስጤ ይህንኑ እየደጋገምኩ ራሴን አጽናናሁ።

እትዬ ፊቴን አዩና ከአርብ እስከ እሁድ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እንደሚጾሙልኝ ተናገሩ። አይሆንም፣ ይህን ያህል አይደለም ብዬ ለመንኳቸው። አንድ ነገር እንዲህ ስትፈልጊ አይቼሽ አላውቅም፣ ፊትሽ ላይ ይታያል አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ፈተናው ከከተማው ዳር ባለ የድሮ የጡብ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ደረታችን ላይ ቁጥር ለጠፉልን። አብዛኞቹ የታናሽ እህቴ እኩያ ናቸው፣ ጫማቸው ሁሉ ብረት አለው። ዳይሬክተሯ ረጅም፣ ሽበታም፣ የማትስቅ ሴት ናት። የደረጃውን ጭፈራ ስታሳየን ሌሎቹ ለመያዝ ይታገላሉ፣ እኔ ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተውሼ ያየሁት ነው። ቀጥላ ደግሞ እያንዳንዳችን የራሳችንን እንድናሳይ ጠየቀች። ሙዚቃ አልነበረኝም። ቆምኩ፣ እጄን ወገቤ ላይ አደረግሁ፣ ትከሻዬም እኔን ሳይጠብቅ ተነሳ። ከተነቃነቀ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ስጨርስ አዳራሹ ውስጥ የሚያላምጥ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

የቀረነውን ከፊልሙ ሴቶች የትኛዋን መሆን እንደምንፈልግ ጠየቀችን። ሌሎቹ ሁሉ ዋናዋን አሉ። እኔ አበባ ይዛ የምትገባዋን አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። ሐሙስ ደውላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከግራ አራተኛዋ እንደሆንኩ ነገረችኝ፤ አበባውም የእኔ ነው።

ለጸሎት ቡድናችን በስልክ «ጌታ ረዳኝ» ብዬ ጻፍኩ። እልልታው በጽሑፍ ይጎርፍ ጀመር። እሁድ መመስከር አለብሽ ተባለ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ እህቶቼ ጾመው ጸልየው ሥራ እንዳገኘሁ ተናገርኩ። ፕሮግራም መሪው ድሮ ከዘፈን ቤት የወጣች እህታችንን ጌታ ዛሬ ደግሞ ኦፊስ አስገባት ሲል ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ላይ እንባውን ይጠርጋል። ለእሱም እንደዚያው ነበር የነገርኩት።

በሚቀጥለው ረቡዕ እትዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ስፈታው ጥቁር ሰማያዊ የኦፊስ ጃኬት ነው፣ ቁልፉ ወርቃማ። ለዚያ ብለው በትራም ፉትስክሬይ ገበያ ድረስ ሄደው ነው የገዙት። ልክሽ ነው፣ በዓይኔ ነው የለካሁሽ አሉኝ። ልኬ ነበር።

ከፋብሪካው ለቀቅሁ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ጃኬቱን ይተኩስልኛል፣ እሱን ለብሼ ባቡር እሳፈራለሁ፣ አዳራሹ ስደርስ አውልቄ ሰቅየው የልምምድ ልብሴን እለብሳለሁ። በልምምድ ያሳለፍናቸውን አምስት ሳምንታት ማንም ከላዬ ሊወስዳቸው አይችልም። አጠገቤ የምትቆመዋ ልጅ የግሪክ ዘር ናት፣ ስሳሳት በክርኗ ትነካኛለች፣ ስትሳሳት እነካታለሁ። የተቸገርኩት በንግግሬ ነበር። «ሌላም አበባ መጣ» ስል ዳይሬክተሯ የሞት ዜና አስመሰልሽው ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ መርዶ ነጋሪ እመስላለሁ። ባቡር ውስጥ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ እለማመደው ነበር። የትርኢቱ ልብስ ሲመጣ የላባውን ቆብ ራሴ ላይ ደፉልኝና በመስተዋት አየሁት። ጭኔ ድረስ የተራቆትኩ ነኝ። አፈርኩ፣ ግን አላወለቅሁትም።

ለራሴ አንድ ነገር ወስኜ ነበር። የመጀመሪያው ትርኢት እንዳለፈ ለእትዬ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ለባለቤቴ፤ የሚሆነው ይሆናል። ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ቀን ላይ፣ ልምምድ መሐል ስልኬ ጠራ። ከቡድናችን አንዷ ናት። እትዬ ቤታቸው ወድቀው ተገኝተዋል፣ ሆስፒታል ናቸው አለችኝ። ከልምምዱ ልብስ በላይ ሱሪዬንና ጃኬቱን ደርቤ በረርኩ። ፊቴ ላይ የተቀባሁትን ባቡር ውስጥ በመሐረብ እየፋቅሁ ሄድኩ።

ስገባ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ጃኬቱን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ከሥራ አስወጣሁሽ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ዶክተሯ በስልክ አስተርጓሚ እየጠበቀች ነበር፣ እኔን ስታገኝ እንዳስተረጉም ጠየቀችኝ። ስኳር አለባቸው አለች። ማናችንም አናውቅም ነበር። መድኃኒቱን እየዋጡ ሦስት ቀን እህል ስላልቀመሱ ስኳራቸው ወርዶ ነው ራሳቸውን የሳቱት። ለምን እንዳልበሉ ጠይቂልኝ አለች።

ጠየቅኋቸው።

«ለዚህች ልጅ ሥራ ነው በያት» አሉኝ፣ እኔ ሌላ ሰው የሆንኩ ይመስል። «ጌታ ሰጥቷታል፣ እንዲጸናላት ደግሞ በጾም ማመስገን አለብኝ። ወር ሞላት እኮ።»

ወደ ዶክተሯ ዞርኩ። በሃይማኖት ምክንያት ነው አልኩ በእንግሊዝኛ። ጻፈችው። ትንሽ ቆይተው ቢገኙ ኖሮ አይተርፉም ነበር፣ ደግመው እንዲህ ከጾሙ እንደሚሞቱ ቁርጡን ንገሪያቸው አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ስኳሩን ለምን እንደደበቁን ስጠይቃቸው ብናውቅ ኖሮ እንደማናስጾማቸው ነገሩኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በእኛ ዘንድ ስለት የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ግን ያን ቀን ተሳልኩ። ይህችን ሴትዮ መልስልኝ፣ ያንን እተወዋለሁ አልኩ። ሌላ የምሰጠው ነገር አልነበረኝም። አንዲት አሮጊት ለእኔ ላባና ባዶ ጭን ብላ ራሷን እህል ውሃ ከልክላ ወድቃለች፤ እኔ እሱን ለብሼ እንዴት እስቃለሁ? ያኔ እንደዚያ ነበር የታየኝ። ሌላ መንገድ ይኖራል ብዬ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሯ ጋ ሄድኩ። መተዌን ስነግራት አልተቆጣችም። ባልሽ ነው ወይ አለችኝ፤ አይደለም አልኩ። ሃይማኖትሽ ነው ወይ አለችኝ፤ አይደለም አልኩ። ታዲያ ምንድን ነው ስትለኝ፣ የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፍቶኝ የግል ጉዳይ ነው አልኩ። እጇን ዘረጋች፣ ጽሑፉን መለስኩላት። ጫማዬን ስሰበስብ ግሪካዊቷ ልጅ መጣች። አበባው ለእሷ ተሰጥቷል። ይቅርታ አድርጊልኝ አለችኝ፣ እቅፍ አድርጌ ሳምኳት። «አበባ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ደስ ብሎሽ ተናገሪው» አልኳት። እሷ ድሮም ደስ ብሏት ነበር የምትናገረው።

እትዬ ዳኑ። ለባለቤቴ ድርጅቱ ኮንትራቱን አቋረጠ አልኩት። ጌታ ሌላ ያዘጋጃል ብሎ ጃኬቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለው። ቤተ ክርስቲያንም ያንኑ አለኝ። ፋብሪካው መልሶ ወሰደኝ፣ አንሶላው ላይ ግን ሌላ ሰው ስለገባ ፎጣ ማጠፍ ላይ መደቡኝ። ፎጣ ብቻ ነው የሚታጠፈው፣ ማሽን የለውም፣ ምትም የለውም። ትርኢቱ በተከፈተበት ቀን ሁለት ሺፍት ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ስለማላስታውሳቸው ልጽፋቸው አልችልም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ባለቤቴ ያናግረኛል፣ እመልስለታለሁ። ውስጤ ግን ሰው የለም።

ትርኢቱ ክፍለ ሀገር ዞሮ ማለቁን ከግሪካዊቷ ልጅ የሰማሁ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። እትዬ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቱን፣ ፊልሙን፣ ኦፊስ ማለቴን፣ ላባውን፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ለዶክተሯ ያልኩትን፣ ስለቱን። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ይቅር ብያለሁ ብለው እንዲያሰናብቱኝም ተመኝቼ ነበር፣ የሄድኩት ለዚያ ይመስለኛል።

ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ግራ አጋባኝ።

«ጥሩ ነበርሽ?» አሉኝ።

«ጎበዝ ነበርኩ፣ እትዬ።»

«አየሁት እኮ። ያን ቀን ፊትሽ ላይ አየሁት» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ኦፊስ ስጣት ብዬ ለምኜ አላውቅም። ኦፊስ ምን እንደሆነ መች አውቃለሁ? ይህች ልጅ የምትፈልገውን አንተ ታውቃለህ፣ እሱን ስጣት ነው ያልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ነው ያልኩት። ሰጠሽ። ታዲያ ለማን ብለሽ መለስሽው?»

«ለእርስዎ ነው» አልኩ።

«እኔ መልሺ ብዬሻለሁ?»

እትዬ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «ላባው ደስ አይለኝም ነበር» አሉ። «እቆጣሽ ነበር። አኩርፌሽ ሁለት ረቡዕ እዘጋሽም ነበር ይሆናል። ቁጣ ግን ያልፋል፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማንም አልከለከለኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሳያውቅ፣ ባሌ ሳያውቅ፣ እሳቸውም ሳያውቁ፣ ይሉኛል ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ ራሴ ብዬ፣ ራሴ ፈርጄ፣ የተሰጠኝን በገዛ እጄ መልሼ መጣሁ። አለቀስኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ግንባሬን ጉልበታቸው ላይ ደፋሁ።

«አሁንስ ምን ልጸልይልሽ?» አሉኝ።

አሰብኩ። ከልቤ አሰብኩ፣ እሳቸውም ታግሰው ጠበቁኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያመኛል፣ ቡድኑ ተበትኗል። ሌላ ቲያትር አለ፣ ሌላ ሰሌዳ አለ፣ ሌላ ወረቀት ይለጠፋል፣ አውቃለሁ። ግን የምፈልገው ነገር ካለ ብዬ ውስጤን ስፈትሽ ምንም አላገኘሁም። የሚለመንልኝ ነገር ጠፋኝ።

«ጤና» አልኩ። በቡድናችን ርዕስ ያጣች ሴት የምትለው እሱን ነው።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ፣ ተረድተውኛል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጤና ለመኑልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየረቡዑ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ጤና ነው የምለው፣ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይለምኑልኛል። ጸሎታቸው ዛሬም ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም።